የስደተኛ ልጅ በሩን ለማን ይከፍታል?

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ፊላደልፊያ ውስጥ የፈረንሳይ ሌጋሲዮን (እንደ ኤምባሲ ያለ ጽሕፈት ቤት) ጸሐፊ የነበረ ባርቤ ማርቧ የሚባል ዲፕሎማት ነበር። ከከተማው ሰዎች ጋር ሲተዋወቅ አንድ አጭር፣ ቀጭን፣ ጌጥ የሌለው ልብስ የለበሰ ሽማግሌ አስተማሪ አገኘ፣ አንቶኒ ቤነዜት ይባላል፣ ትውልዱ ፈረንሳይ ነው። ወሬያቸው ወደ ሃይማኖት ሲሄድ ሽማግሌው የቤተሰቡን ጉድ ዘረዘረለት። አንድ አጎቴን ሰቅለውታል፣ አክስቴን ገዳም አስገብተው ዘግተውባታል፣ ሁለት የአጎት ልጆቼ መርከብ ቀዛፊ እስረኛ ሆነው እዛው ሞተዋል፣ አባቴ ደግሞ ስላመለጣቸው በሌለበት ምስሉን ሰቀሉት፣ ሀብቱንም ወረሱት፤ ጥፋቱ ወንጌልን ቄሶቹ ከሚሉት ለየት አድርጎ ማስረዳቱ ነው አለው።

እኔ እዚሁ ፊላደልፊያ ነው የምኖረው፣ ዌስት ፊሊ፣ ሐበሻ በብዛት ያለበት ሰፈር። የዚህን ሰውዬ ነገር ካነበብኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ይሄ ሰው ማለት በሰሜን አሜሪካ የባሪያ ንግድ ይቁም ብለው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ፣ ምናልባትም ጽሑፉ ከሁሉም በላይ ሩቅ የሄደለት ነው። ስለሱ ሲወራ የሚሰማው ታሪክ ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ቤተሰቡ በሃይማኖቱ ተሰደደ፣ ልጁም ግፍን ስለሚያውቅ የነጻነት ሰው ሆነ፣ አለቀ። ቆንጆ ታሪክ ነው። ችግሩ ከዛው ሀገር በዛው ምክንያት የሸሹ ሌሎች ቤተሰቦች ልጆች ትልልቅ የባሪያ ነጋዴ መሆናቸው ነው፣ እና እነሱም ስለ ነጻነት በደንብ አድርገው ይናገሩ ነበር። እኔም የስደተኛ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ያሳስበኛል፣ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላብራራ። ሁጉኖት የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ ካልቪን የሚባል የፕሮቴስታንት መምህር ተከታዮች። ከካቶሊኮቹ ጋር ለዓመታት ከተላለቁ በኋላ ንጉሥ አንሪ 4ኛ በ1598 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የናንት አዋጅ የሚባለውን አውጥቶ እምነታችሁን ይዛችሁ መኖር ትችላላችሁ አላቸው። የልጅ ልጁ ሉዊ 14ኛ ግን ቀስ በቀስ መብታቸውን ሲያጠብባቸው ቆይቶ በጥቅምት 1685 አዋጁን ጭራሽ ሰረዘው። ከዛ በፊትም ቤታቸው ወታደር እያሰፈሩባቸው ነበር፣ ወታደሩ ቤትህ ገብቶ ይበላል ይጠጣል ዕቃህን ይሰብራል ሚስትህን ያስፈራራል፣ ካቶሊክ ሆኛለሁ ብለህ እስክትፈርም ድረስ አይወጣም። ወታደር በባላገር ቤት ማስፈር ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቅድመ አያቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

የስረዛው አዋጅ ደግሞ አንድ የተለየ ክፋት ነበረው። ፓስተሮቹን በ15 ቀን ውስጥ ከሀገር ውጡ አላቸው፣ ምዕመኑን ግን እንዳትወጡ አለ። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ ወደ መርከብ ቀዘፋ፣ ሴት ወደ እስር፣ ልጆች በሙሉ በካቶሊክ ቄስ ይጠመቁ። ማለት መኖርም መሄድም የለም። እንዲያም ሆኖ ከ150 እስከ 200 ሺህ የሚገመት ሰው ወጥቷል፣ ወደ ሆላንድ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ አሜሪካ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ።

የቤነዜት ቤተሰብ ግን ያኔ አልወጣም። ለ30 ዓመት ያህል ላይ ላዩን ካቶሊክ መስሎ ውስጥ ውስጡን በእምነቱ እየኖረ ቆየ። አንቶኒ ራሱ በ1713 ሳን ካንታን በምትባል የሰሜን ፈረንሳይ ከተማ ሲወለድ ሕጉ በሚያዘው መሰረት በካቶሊክ ቤተክርስቲያን ነው የተጠመቀው። አባትየው ዣን ኤቲየን ነጋዴ ነበር፣ ደህና ሀብት ያለው። በ1715 መጀመሪያ ላይ ግን በቃኝ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተነሳ፣ አንቶኒ 2 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ሽሽት በቤተሰቡ ሲወራ የኖረ አንድ ወግ አለ፣ በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈ ሰው መዝግቦታል። ድንበሩ ላይ የሚያሻግራቸው አንድ ወጣት ነበር። ኬላው ጋ ሲደርሱ ዘበኛው አላሳልፍም ይላል። ወጣቱ በአንድ እጁ ሽጉጥ በሌላው የገንዘብ ከረጢት አሳየው፣ እነዚህ ምንም ያልበደሉ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ወይ ይሄን ተቀብለህ አሳልፋቸው ወይ በዚህኛው ትሞታለህ፣ ምረጥ አለው። ዘበኛው ገንዘቡን መረጠ፣ ማን ሽጉጥ ይመርጣል። ሮተርዳም ገቡ፣ ከዛ ለንደን። ወዲያው ንብረታቸው ሁሉ ተወረሰ። የሚገርመኝ ይሄ ልጅ አድጎ ጦርነትንና መሳሪያን ጭራሽ የማይቀበሉት፣ ኩዌከሮች የሚባሉት የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ማኅበር አባል መሆኑ ነው፣ ድንበር ያሻገረው ግን ሽጉጥና ጉቦ ነው። የስደተኛ ቤት እንዲህ ነው፣ ከንጹህ ታሪክ የወጣ ሰው የለም። ሱዳን ድንበር ላይ ምን ተከፈለ፣ ለማን ተከፈለ፣ ማን ምን ተባለ ብለህ የኛን አባቶች ብትጠይቅ ግማሹን ነው የሚነግሩህ።

ለንደን 16 ዓመት ኖረው በ1731 ፊላደልፊያ ገቡ። አንቶኒ ንግድ ሞከረ፣ አልሆነለትም፣ ወይ አልወደደውም። በ1739 ጀርመንታውን አስተማሪነት ጀመረ፣ ከዛ በ1742 ኩዌከሮቹ ከተማው ውስጥ ወደነበራቸው ትምህርት ቤት ተዛወረ። ጆይስ የምትባል ሴት አግብቶ ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱም በሕጻንነታቸው ሞቱ። ከዛ በኋላ ልጅ የላቸውም። በዘመኑ አስተማሪ ሁሉ ዱላ ይዞ ሲያስተምር እሱ መምታት አይወድም ነበር ይባላል። ስዕልህን እንሳል ሲሉትም ይሄ አስቀያሚ ፊቴ ለትውልድ አይተላለፍም ብሎ እምቢ አለ። ሌላ ደግሞ ግቢው ውስጥ ለአይጥ ምግብ ይሰጥ ነበር፣ ከጠገቡ አይሰርቁም ብሎ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፣ ጎረቤትህ ቢሆን ትንሽ ነካ ያደርገዋል የምትለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እኔን የያዘኝ የባሪያው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከሱ በፊት የመጣው የአካዲያኖች ነገር ነው። በ1755 እንግሊዞች ዛሬ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ ከሚባለው ቦታ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎችን አካዲያኖችን ለንጉሡ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማሉ ሲሏቸው እምቢ ስላሉ በሺዎች እያፈሱ በመርከብ ጭነው በየቅኝ ግዛቱ በተኗቸው። በዛው ዓመት ኅዳር ላይ 454 ሰው የጫኑ ሦስት መርከቦች ደላዌር ወንዝ ላይ ፊላደልፊያ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሊነሳ ነው፣ ሰዎቹ ፈረንሳዮች ናቸው፣ በዛ ላይ ካቶሊክ ናቸው። ገዢው ፈራ፣ ዘበኛ ይቁምባቸው እንዳይወርዱ አለ። መርከቡ ላይ በሽታ ገባ፣ ፈንጣጣም ነበረ።

እስቲ አስቡት። ካቶሊክ ናቸው እኮ። ማለት አጎቱን የሰቀሉት፣ አባቱን ያሳደዱት፣ ሀብታቸውን የወረሱት ሰዎች ሃይማኖት ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ፊላደልፊያ ውስጥ ገና ከመርከብ ሳይወርዱ ቢመለሱ ደስ የሚለው ሰው ሞልቶ ነበር፣ እና የእነ ቤነዜት ቤተሰብ የእውነት ቂም ያለው ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ጀልባ ይዞ መርከቡ ላይ ወጣ። ፈረንሳይኛው የእናቱ ቋንቋ ነው፣ አነጋገራቸው። ከዛ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ሄዶ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ አስገቡት፣ ሰዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ ብርድ ልብስ የላቸውም፣ ሸሚዝ የላቸውም፣ የእግር ሹራብ የላቸውም አለ። ምክር ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ ያለ ነገር ነው፣ ንግግር አይደለም፣ ስለ ሰው ልጅ መብት አንድ ቃል የለበትም፣ የጎደለ ዕቃ ዝርዝር ነው። በዛ ዝርዝር ምክንያት እርዳታ ተፈቀደ፣ ከመርከብ ወረዱ፣ በኋላም ፓይን ስትሪት ላይ ጎጆ ተሰራላቸው። እሱም ለዓመታት እየተመላለሰ ልመናቸውን ይጽፍላቸዋል፣ ስራ ይፈልግላቸዋል፣ በሽተኛቸውን ይጠይቃል። አንድ ቀን ሚስቱ ሁለት ብርድ ልብስ ጠፋኝ ብላ ብትፈልግ ከጥቂት ቀናት በፊት ማታ ለአንዱ ምስኪን ሰጥቼዋለሁ አላት። ጆይስ ምን እንዳለችው ማንም አልጻፈም፣ እኔ ግን መገመት እችላለሁ።

ከሁሉም የሚገርመው የአንድ አካዲያን ሽማግሌ ነገር ነው። ሰውየው ደግነቱ በዝቶበት ተጨነቀ። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ጥቅም እንዲህ አይሆንም፣ ይሄ ሙሴ (አቶ ማለት ነው) ቤነዜት መጨረሻ ላይ በተንኮል ሊሸጠን አስቦ መሆን አለበት ብሎ ለሰው ተናገረ። ቤነዜት ይሄን ሰምቶ ሲስቅ ነበር አሉ። እኔ ግን ሽማግሌውን እረዳዋለሁ። ቤቱ ሲቃጠል ያየ፣ ቤተሰቡ በየመርከቡ የተበተነበት ሰው ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ከኋላው ምን ይዟል ነው። አባባ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ባለሱቅ በዱቤ ዱቄት ሲሰጠው ለወራት ጠርጥሮት እንደነበረ ነግሮኛል፣ አንድ ቀን ሊያስከፍለኝ የማልችለውን ነገር ይጠይቀኛል ብሎ።

የኛን ሰፈር ነገር ካነሳሁ አይቀር ልናገረው። የአባባ ትውልድ በ1970ዎቹ (ይሄኛው በኛ ነው) በመተማ በኩል በእግሩ ወጥቶ ሱዳን ካምፕ ቆይቶ አሜሪካ በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ በኩል የመጣ ነው። ቡና ላይ ሲገናኙ ያን ጊዜ ሌሊት እንዴት እንደተጓዙ፣ ጅቡን፣ ውሃ ጥሙን፣ ሽፍታውን ሲያወሩ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አልጠግብም። ከዛ ደግሞ እዛው ቁጭ ባሉበት፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ፣ አሁን በብራዚል ዞረው ጫካ ለጫካ ሜክሲኮ የሚደርሱትን ልጆች ያነሳሉ። እኛ እኮ ወረፋ ጠብቀን በሕግ ነው የመጣነው ይላል አንዱ። እነዚህ ለገንዘብ ነው ይላል ሌላው። አንዲት እናት ደግሞ ኧረ ተው እናንተ፣ መተማ ላይ ቪዛ ተመትቶልህ ነው እንዴ የተሻገርከው ስትል ሁሉም ይስቃል፣ ወሬው ግን ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ለቤተክርስቲያንም ለዕድርም ለተቸገረም ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ግን የራሳቸው መንገድ ልዩ ሆኖባቸዋል፣ መከራቸው እንደ ሜዳሊያ ሆኖ ሌላ ሰው እንዲያጠልቀው አይፈልጉም።

ሁጉኖቶቹም ጋ ይሄው ነው ያለው፣ ሳውዝ ካሮላይና ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጁዲት ጂቶን የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፣ ከደቡብ ፈረንሳይ። ቤታቸው ወታደር ሰፍሮባቸው እያለ ወታደሮቹ ተኝተው ሳለ እሷ ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ሌሊት ቤቱን ከነዕቃው ጥለው ወጡ። አንድ ከተማ ውስጥ እየተፈለጉ ለ10 ቀን ተደበቁ፣ ያሳደራቸው ሰው አልከዳቸውም። ሊዮን፣ ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ለንደን። እናትየው መርከብ ላይ በትኩሳት ሞተች። ካሮላይና ሲደርሱ ታላቅ ወንድሟ በ18 ወር ውስጥ በዛው በትኩሳት ሄደ። ለሌላው ወንድሟ የጻፈችው ደብዳቤ እስከዛሬ አለ፣ እዛ ላይ ለ6 ወር ዳቦ ሳልቀምስ እንደ ባሪያ መሬት ስቆፍር ነበር ትላለች። ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሰውነቴን ነው የወረረኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ጁዲት በሁለተኛ ትዳሯ የወለደችው ልጅ ጋብሪኤል ማኒጎ በግዛቷ ካሉት ነጋዴዎች ሁሉ ሀብታሙ ሆነ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ባለቤት። እናቱ እንደ ባሪያ ቆፈርኩ ባለችበት መሬት እሱ በእውነተኛ ባሪያ አስቆፈረ፣ አንድ ትውልድ ብቻ ነው በመሃል ያለው። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ለነጻነቱ ጦርነት ትልቅ ገንዘብ ካበደሩት አንዱ እሱ ነው።

ሄንሪ ሎረንስ ደግሞ ይብሳል። አያቱ በ1682 ላ ሮሼል ከምትባል የሁጉኖቶች ከተማ ሸሽቶ የወጣ ነው። ሄንሪ እዛው ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ ተወልዶ የከፈተው የንግድ ቤት በ1750ዎቹ ብቻ ከ8 ሺህ በላይ አፍሪካዊ ሸጧል። በኋላ ከንግዱ እጁን ሰብስቦ ፖለቲካ ውስጥ ገባ፣ የአህጉራዊው ኮንግረስ (የአሜሪካ ግዛቶች የጋራ ምክር ቤት) ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሰ። ነሐሴ 1776፣ የነጻነት አዋጁ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ለልጁ ለጆን ባርነትን እጸየፋለሁ ብሎ ጻፈለት። በዛው ደብዳቤ ባሮቹ ነገ በጨረታ ቢሸጡ 20 ሺህ ፓውንድ እንደሚያወጡም ነገረው። ሒሳቡን ሰርቶት ነበር ማለት ነው።

ጆን ልጁ የካልቪን ከተማ ጄኔቭ የተማረ ነው። እሱ ነገሩን የምር ወሰደው። ባሮቻችንን ነጻ ሳናወጣ ስለ ነጻነት በየትኛው ዓይናችን እንከራከራለን የሚል ሐሳብ ለጓደኛው ጻፈ፣ ከዛም 3 ሺህ ባሮችን አስታጥቀን እናዋጋ፣ ሲጨርሱ ነጻ ይውጡ ብሎ ተነሳ። ኮንግረሱ በመጋቢት 1779 ፈቀደለት፣ የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት ግን ደጋግሞ ጣለበት። በነሐሴ 1782፣ ጦርነቱ እየተጠናቀቀ እያለ፣ ኮምባሂ የምትባል ወንዝ ዳር በትንሽ ውጊያ ተገደለ፣ 27 ዓመቱ ነበር።

አባትየው መርዶውን በሰማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፓሪስ ሄዶ የሰላም ውሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በኅዳር 1782 የመጀመሪያ ደረጃውን ውል በአሜሪካ በኩል የፈረሙት አራት ሰዎች ናቸው፣ ፍራንክሊን፣ አዳምስ፣ ጆን ጄይ እና ሎረንስ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ጄይና ሎረንስ፣ የሁጉኖት ዘር ናቸው። የእንግሊዙ ተደራዳሪ ሪቻርድ ኦስዋልድ ደግሞ የሎረንስ የድሮ የባሪያ ንግድ ሸሪክ ነው፣ ሴራሊዮን ጠረፍ ላይ ባሪያ የሚታጎርበት ቤንስ የሚባል ደሴት ባለድርሻ። ሎረንስ በመጨረሻው ቀን ደርሶ አንድ ሐረግ አስጨመረ፦ የእንግሊዝ ጦር ሲወጣ ጥቁሮችን ወይም ሌላ ንብረት ይዞ እንዳይሄድ። ወደ እንግሊዝ ጦር ሸሽተው ነጻ የወጡት ባሮች ማለት ነው። ከግፍ የሸሸ ሰው የልጅ ልጅ፣ የሸሹ ሰዎች ይመለሱልኝ ብሎ ፈረመ። ልጁ እኮ የሞተው በሌላ ሐሳብ ነው። ይሄን ሰውዬ እንዴት አድርጌ እንደማስበው እስካሁን አልጨረስኩም፣ ውሸታም ነው ብዬ ልተወው እፈልጋለሁ፣ ደብዳቤዎቹን ሳነብ ግን የምር የተጨነቀ ይመስላል፣ ጭንቀቱ ምንም አለማድረጉ ነው እንጂ።

ጄይም ቢሆን ቅልቅል ነው። አያቱ ኦጉስት ወደ አፍሪካ ለንግድ ተልኮ ሲመለስ ቤተሰቡ ሸሽቶ ቤቱ ተወርሶ ጠበቀው። ይሄን ታሪክ ጄይ ራሱ ጽፎታል። በ1777 የኒውዮርክ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ካቶሊኮች ላይ በር ለመዝጋት የታገለው እሱ ነው፣ ቂሙ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው አልበረደም። ባሪያም ነበረው። በሌላ በኩል ደግሞ የኒውዮርክን የባሪያ ነጻ አውጪ ማኅበር ከመሰረቱት ነው፣ አገረ ገዢ ሆኖ በ1799 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀረውን ሕግ የፈረመውም እሱ ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም አለ።

እና ቤነዜትን ምን ለየው? ደሙ አይደለም፣ መከራው አይደለም፣ የሎረንስ አያትም ያንኑ መከራ አይቷል። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ቤነዜት ስለ ባርነት ከመጻፉ በፊት ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ልጆችን ያስተምር ነበር፣ ከ1750 ጀምሮ። ቀን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ ሻማ አብርቶ፣ ያለ ክፍያ። የመጀመሪያዋ ትንሽ መጽሐፉ የወጣችው በ1759 ነው። በመሃሉ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ማታ አለ። ስለዚህ ጥቁር አይማርም አእምሮው አይቀበልም ሲባል የሚመልሰው ከፍልስፍና አልነበረም፣ እኔ አስተምሬአቸዋለሁ፣ ከነጮቹ ልጆች እኩል ዓይነት ዓይነት ተሰጥኦ አይቼባቸዋለሁ ነው ያለው። ሎረንስ 8 ሺህ ሰው ሸጦ የአንዱንም ልጅ ደብተር አላየም።

ያ ብቻም አይደለም፣ ሰውየው ማንበብ ያውቅበት ነበር። ስለ ጊኒ ጠረፍ የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በ1771 ወጣ፣ ብልሃቱ ደግሞ አፍሪካን አይቶ አያውቅም፣ ስለዚህ የባሪያ ነጋዴዎቹንና የመንገደኞቹን መጽሐፍ ሰብስቦ በራሳቸው አፍ አስመሰከራቸው። መሬቱ ለም ነው፣ ሕዝቡ ሠራተኛ ነው፣ ሕግና ዳኛ አለው፣ ጦርነቱን የሚያባብሰው የአውሮፓ መርከብ ነው፣ ይሄን የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ ይላቸዋል። ከጠቀሳቸው አንዱ ዣን ባርቦ ነው። ባርቦ ማን መሰላችሁ? በ1685 ወደ እንግሊዝ የሸሸ ሁጉኖት፣ በመርከብ ባሪያ ሲያመላልስ የነበረ። አንዱ የፈረንሳይ ስደተኛ ንግዱን ሠርቶ የጻፈውን ሌላው የፈረንሳይ ስደተኛ ንግዱን ለማፍረስ ተጠቀመበት።

ከዛ በኋላ ያለው በፍጥነት ነው የሄደው። ግራንቪል ሻርፕ የሚባል ባርነትን የሚታገል እንግሊዛዊ ለንደን ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ መሸጫ ላይ የቤነዜትን ጽሑፍ አግኝቶ አሳተመው፣ ከዛም ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር። ሜቶዲስት የሚባሉት ክርስቲያኖች መሪ ጆን ዌስሊ በ1774 ስለ ባርነት ሲጽፍ ከሱ ገጽ ገጽ ወሰደ። በ1785 ቶማስ ክላርክሰን የሚባል የካምብሪጅ ተማሪ ለላቲን ድርሰት ውድድር ሰዎችን ያለፈቃዳቸው ባሪያ ማድረግ ይገባል ወይ የሚል ርዕስ ተሰጠው፣ መረጃ ሲፈልግ ያገኘው የቤነዜትን መጽሐፍ ነው፣ የምፈልገውን ሁሉ ማለት ይቻላል እዛ አገኘሁ ብሏል። ክላርክሰን ውድድሩን አሸነፈ፣ ከዛ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠ፣ እንግሊዝም በ1807 የባሪያ ንግዱን ከለከለች። ፊላደልፊያ ያለችባት ፔንሲልቬኒያ ራሷ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ ሽማግሌው የምክር ቤት አባሎቹን ቤት ለቤት እየዞረ ለምኗቸዋል ይባላል።

ቤነዜት በግንቦት 1784 ሞተ። በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁሮች አስከሬኑን ተከትለው ሄዱ፣ ያኔ ለነጭ ቀብር ያልተለመደ ነገር ነው። ያለው ሀብት ትንሽ ነው፣ ከሚስቱ በኋላ እሱም በ1770 ላስከፈተው የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪ መቅጠሪያ ይሁን ብሎ ተናዘዘ። ወራሽ ልጅ ስለሌለው ነው የሚል ይኖራል፣ ይሁን።

እዛ ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዱ ጄምስ ፎርተን ነው፣ በኋላ ይሠራበት የነበረውን የመርከብ ሸራ መሥሪያ ገዝቶ ሀብታም የሆነ፣ ገንዘቡንም ባርነትን ለሚታገሉ ጋዜጦች ያፈሰሰ። ሌላው በኩዌከሮቹ የማታ ትምህርት ቤት የተማረው አብሳሎም ጆንስ ነው፣ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ መጀመሪያ ሚስቱን ከባርነት የዋጀ፣ በኋላ ራሱ ነጻ ወጥቶ ቄስ የሆነ። በ1799 ማብቂያ ላይ እሱና ሌሎች ከ70 በላይ የፊላደልፊያ ጥቁሮች ያመለጠ ባሪያን ይዞ የሚያስመልሰው ሕግ ይሻሻልልን ብለው ለኮንግረስ አመለከቱ። ድምጽ ሲሰጥ 85 ለ 1 ተጣለባቸው።

ጆንስ ተስፋ አልቆረጠም። ጥር 1 ቀን 1808፣ አሜሪካ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን የከለከለችበት ሕግ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ስብከት ሰበከ። የመረጠው ጥቅስ ዘጸአት 3፣ ቁጥር 7 እና 8 ነው፣ በግብፅ ያለውን የሕዝቤን መከራ አየሁ የሚለው፣ ሁጉኖቶቹም ራሳቸውን በእስራኤል እየመሰሉ የሚጽናኑት በዚሁ ታሪክ ነበር። ይሄ ቀን በየዓመቱ ይከበር፣ የወንድሞቻችን መከራና መዳን ለልጆቻችንና ለልጅ ልጆቻቸው ይነገር አለ። ስብከቱ ታትሞ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ ረጅም አይደለም። ለአባባ ለቡና ጓደኞቹ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አማርኛ እየመለስኩት ነው፣ ግማሽ ደርሻለሁ፣ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።